መዳፍ ላይ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ማትሱኤ ተኝታ፣
ኪኑዮ ትነሣለች መብራቷን አብርታ።
ማታ የዘፈዘፈችው አብጦ ጠብቋታል፣
ጎረቤት ሳይነቃ ወፍጮው ያጓራላታል።
ትፈጫለች፣ ታፈላለች፣ በጨርቅ ታጠልላለች፣
ከባሕር ጨው የቀረ መራራ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፤
ወተቱ ደንግጦ ይረጋል፣
ሃምሳ ሁለት ዓመት እንዲሁ፤ እጇም ሳያይ ያውቃል።

ነጩን ከገንዳ አንሥታ መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣
ስለቱን ቁልቁል ትሰዳለች፣ ሳትቸኩል፣ ሳትቆጣ።
ደም የለም።
ምስጢሩን ለጠየቃት ትናገራለች በአንዲት ቃል፦
«ተጫን እንጂ አትጎትት፤ ሲጎትቱት ነው ሥጋ የሚበላ ስል።»

ብቻ፣ እሷ ራሷ
ሦስት ክረምት አለፈ ካልቀመሰች።

ግራ ጡቷን የወሰዱ ሰሞን፣ አንድ ሽበታም ሐኪም
«አኩሪ አተር ይቅርብሽ» አላት፤ «ለምን?» አላለችም።
የልጅ ልጇ ሂናኖ ከኦሳካ ትደውላለች፣
«አያቴ፣ የሴት ሆርሞን ይመስላል፤ እጢ ይቀልባል» ትላለች፤
ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ፦ «አያቴ፣ እጢ ይከላከላል፤ ብዪ!»
ያው አፍ ነው፣ ያው ስልክ ነው፤ ኪኑዮ፣ ጉድሽን እዪ።
ዓሣ ሻጩ ቶኩጂ ልጁን ከማዕዱ ከለከለው፣
ስፖርት ቤት «ወንድን ያለሰልሳል» ያለ ጎረምሳ ሰምቶ ነው፤
ቴሌቪዥኑ ማታ ማታ መቶ የደፈኑትን ያሰልፋል፣
«ምን በልታችሁ?» «ቶፉ!» ድድ ብቻ ይስቃል።
አንዱ ሲያጠብቅ፣ አንዱ ሲያላላ፣
አሮጊቷ ሩዝ በጨው ትበላለች፤ ጭንቅ እሷን ሲበላ።

ባሏ ጊሳቡሮ?
እሱማ ጧት በሾርባ፣ ማታ በዝንጅብል ነበር፤
የገደለው ዝናብና ብስክሌት ነው፣ በድልድዩ ዳር።
ስለ ብስክሌት ያስጠነቀቀው አንድም ሐኪም አልነበር።

አንድ ጧት ነፍሰ ጡር መጣች፣ ሳንቲሟን በእጇ ይዛ፣
«እማማ፣ ለሆዴ ይበጃል?» አለች፣ በምክር ብዛት ፈዝዛ።
የኪኑዮ እጅ ውሃ ውስጥ ቀረ።
እሷ የፈራችውን ለሌላ ጉሮሮ ስትሸጥ ኖራለች።
ይህ ሐሳብ ከሐኪሙ ቢላ ይልቅ ቆረጣት።

ሐሙስ ሆስፒታል ሄደች። ሽበታሙ ጡረታ ወጥቷል፤
በወንበሩ ወጣቷ ኩጂራኦካ፤ ጠረጴዛው በወረቀት ተሞልቷል።
«ያኔ ያስፈራን የአይጥ ነገር ነው፤ ኋላ ሴቶችን ተከታትለን ቆጠርን፣
እንደ ምግብ ለሚበሉት ያ የፈራነው አልታየን።
በክኒን የታሸገው ሌላ ነው፤ እሱን አልመክርዎትም።
የእንቅርት መድኃኒትዎን ቀድመው፣ ቶፉውን ሰዓታት ቆይተው፤ አንድ ላይ አይስማሙም።»
«ስለ ቀረውስ?»
«ስለ ቀረው... አላውቅም።»

ሦስት ዓመት ምክር የጠገበ ጆሮ
በዚች «አላውቅም» ላይ አረፈ፤ ልቧም አብሮ።

በእኛ አፍ ስሟ አኩሪ ነው፤ እኔ ግን ኩራት አላየሁባትም፤
«መድኃኒት ነኝ» አላለች፣ «መርዝ ነኝ»ም አላለችም፤
ያኮራት ሌላ፣ ያዋረዳት ሌላ፣
እሷ ውሃ ውስጥ፣ ዝም ብላ።

በነጋው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ኪኑዮ ለራሷ ቆረጠች፤
ተጫነች እንጂ አልጎተተች።
ዝንጅብል ፈቀፈቀች፣
ግማሹን በላች፤ ግማሹን ወደ ውሃው መለሰች።
ነፍሰ ጡሯ ስትመጣ ምን እንደምትላት
ገና እያሰበች ነው።
ወፍጮው ቆሟል። ደጁ አልተከፈተም።