ማክሰኞና ዓርብ

ትሪየስቴ ወደብ ዳር፣ ካንድ ፋርማሲ ገብተን፣
ለሁለት ገዛነው፣ ግማሽ ግማሽ ከፍለን።
ኔሪና ላይ ፎቅ ናት፣ እኔ ታችኛው ነኝ፤
ማክሰኞና ዓርብ፣ ልለካት፣ ልትለካኝ
ወርዳ ትመጣለች፣ ደብተሯን ታቅፋ፣
የሹራብ እጅጌዋን እስከ ክንዷ አጥፋ።

ይላል ወረቀቱ፦ «እግር አይነባበር፤
አምስት ደቂቃ ሙሉ አንዲት ቃል አትናገር።»
ቦራ የሚሉት ነፋስ መስኮቱን ይገፋል፣
ክንዷ ላይ ያለው ጨርቅ ቀስ ብሎ ይነፋል።

«የላዩ ስንት?» አለች፣ ማሽኑ ሳይጨርስ።
«አንቺ ነሻ!» አልኳት፤ «እሺ፣ የታችኛውስ?»
«እኔ።»
በሣቅ ፈረሰች፣ ማሽኑ ስህተት አለ፤
ዝምታችን ዳግም ከመነሻው ቀጠለ።

የሷስ ደኅና ነበር፣ የኔ ነው ጉደኛ፣
ሌላ ቀን ለብቻዬ ስለካው የሚተኛ።
ሠላሳ ዓመት መርከብ፣ ሞተር ቤት ስሠራ
የእንፋሎት ግፊት እንኳ እኔን አላስፈራ፤
ማክሰኞና ዓርብ ግን፣ ደረጃው ኳ ሲል ገና
ይጋልባል ሽቅብ፣ ልጓም የለውምና።

ሐኪሙ ደብተሬን ገልጠው ቀና ብለው አዩኝ፤
«ሁለቱን ቀን ብቻ ምን ነክቶዎት ነው? ይንገሩኝ።»
«ነፋሱ ነው» አልኩኝ፣ ክኒን አዘዙልኝ።

ኪሴ ውስጥ ነው እስካሁን።
ዛሬ ማክሰኞ ነው፤
ደረጃው ኳ አለ።