ከደጃፉ ሐዲድ የጠረግሁት

ከአሊካንቴ በትራም፣ ባሕሩን በቀኜ አድርጌ፣
በዓመት አራት ጊዜ፣ መፍቻና ቅባት ሸክፌ፣
ቪያሆዮሳ እወርዳለሁ።
አሳንሰር ጠጋኝ ነኝ።
ሰው ማዕበል ሊሰማ በሚመጣበት አገር
እኔ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ገመድ አዳምጣለሁ።

ከተማዋን የማውቃት በበሩ ሐዲድ ነው፤
ትንሽ ጣት እንኳ በማታስገባዋ ቀጭን ቦይ።
ገቢ ወጪው ከጫማው ያራገፈውን ሁሉ
እሷ ትይዝልኛለች፤
እኔ በካቻቢቴ ጫፍ ፍቄ አነባለሁ።

ጥር፣ አቧራ ነው። አቧራና ፀጉር፣
ከዶኛ ፑራ ውሻ የረገፈ ጥቁር።
በስድስት ፎቅ ሕንጻ ሦስት መስኮት ይበራል፤
የቀረው መዝጊያ ነው፣ ነፋስ ይመታዋል።
«ጎረቤቶችሽስ?» ብዬ ጠየቅኋት።
«ከነነጠላ ጫማቸው ቁም ሣጥን ገብተዋል፤
ሙቀት ሲጀምር ይወጣሉ» አለችኝ፣ ሳትስቅ።
ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ፣
ዓሣው ገና ሲንፈራገጥ፣ ጨረታው ሲጦፍ፣
ወደቡ ይሞላል፤
የተኛ የመሰለኝ ከተማ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል።

ሚያዝያ፣ ሰም ነው።
የስቅለቱን ሻማ ይዘው በሌሊት የተመለሱ
እያንጠባጠቡ ወጥተዋል፣ እስከ አምስተኛ ፎቅ።
ሰሙን ፍቄ አነሣሁት፤
ወርቁ ግን አልተፈታኝም፤
የማን እንባ ነው? የማን ስለት?
ፑራ የወተት ቸኮላት አመጣች፣ ከፋብሪካው ደጅ የተገዛ፣
ጠረኑ ደረጃውን ቀድሟት የወጣ።
«ጾም ነው» አልኋት።
«ፋሲካ እኮ እሑድ አለፈ!»
«የእናንተው አለፈ። የእኔ ገና መንገድ ላይ ነው።»
አሰበችበት።
«የአንተው ጌታም እንደ አሳንሰራችን ይዘገያል?»
ቸኮላቱንም ከመሣሪያ ሣጥኔ፣ ከብሎኖቹ መሃል ደበቀችው።

ሐምሌ! ሐምሌ አይነበብም፤ ይዛቃል።
አሸዋ፣ የሐብሐብ ፍሬ፣ ባሩድ ያጠቆረው ወረቀት፣
ከሰው ካባ የተበጠሰ ዶቃ፣ የሕፃን አካፋ እጀታ።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ስልኬ አንባረቀ፤
ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል ቆሟል።
በሩን ፈልቅቄ ባትሪ ባበራ፣
ጥምጥሙ ጣሪያ የነካ የሙሮች አለቃ፣
ሁለት የክርስቲያን ፈረሰኞች፣ ያለ ፈረስ፣ ሰይፋቸው ብብታቸው ውስጥ፣
የተነፋ ዶልፊን ያቀፈ የሆላንድ ልጅ ከነአባቱ፣
በአንድ ላብ ተጣብቀው!
አለቃው ባለፋርማሲው ኤላዲዮ ነው፤
ጎህ ሲቀድ ከባሕር ወርዶ ምሽጉን መያዝ አለበት፣
በየዓመቱ እንደሚይዝ፣ በየዓመቱም እንደሚሸነፍ።
«ፍጠን ወንድሜ» አለኝ፣ «ጦርነቱ ያመልጠናል!»
ጠላቶቹ ከታች መቀመጫውን ገፉለት፣
እኔ ከላይ እጁን ሳብሁ።
መድፉ ሲያጓራ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ነበርሁ፤
ድሉንም ሽንፈቱንም በግድግዳው መንቀጥቀጥ ሰማሁ።

ጥቅምት ዝገት መሆን ነበረበት።
ካቻቢቴዬን አወጣሁ።
ሐዲዱ ንጹሕ ነው። ያብለጨልጫል። አንዲት ቅንጣት የለችም።
ዶኛ ፑራ ደረጃው ላይ ተቀምጣ
የፀጉር ሹካዋን በቀሚሷ ትወለውላለች።
«ምነው?» አልሁ፣ እንደ ተዘረፈ ሰው።
«ስድስት ዓመት ቆጠርሁልህ» አለች፤
«መጥተህ ትሄዳለህ እንጂ አንድ ቀን ባሕር አልነካህም።
የዛሬ ሥራህ አልቋል። ጫማህን አውልቅ።»

ውሻው ቀደመን።
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ የእንቁላል አስኳል የመሰሉ ቤቶች አለፍን፤
ዓሣ አጥማጅ ከሩቅ ደጁን እንዲለይ ነው አሉ፣ ቀለማቸው።
«የእኔው ሳይሰክርም ይሳሳት ነበር» አለች።
ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ሞቀ።
ብዙ አልተናገርንም።

ስንመለስ አሳንሰሩ ያለ ድምፅ ወረደልን።
ገባሁ።
ከእግር ጣቶቼ መሃል፣ እፍኝ የማይሞላ አሸዋ
ሐዲዱ ላይ ረገፈ።
ልጠርገው ጎንበስ አልሁ።
«ተው» አለች፣
«ለጥር ይቆይ።»