ጥሩ ውሃ

ሊፍቱ ስለቆመ፣ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ
በሁለት ጎረምሳ ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ለብሶ ብርድ ልብስ፣
«ቀስ! ጠርዙን! ቀስ በል!» እየተባለለት
በሽተኛ መስሎ ገባ የአሳው ቤት።

የሰንጋ ተራ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ።
ክሎሪኑ እስኪበን በባልዲ አሳድሬ
መቶ ሃያ ሊትር በጆግ ቀዳሁለት።
ማጣሪያው ጉርጉር አለ።

ሻምበል ወልደትንሣኤ፣ የበር ጎረቤቴ፣
አንገቱን አስግጎ ገባ ወደ ቤቴ፤
«አሳው የታለ?» አለኝ።
«ውሃው ገና ነው» አልኩት።
«ውሃማ ይሄው! ኩልል ብሎ!» ሳቀ፣
«አየር ታረባለች» ብሎ ለሕንፃው ሁሉ ተሳለቀ።

አምና ነው። ስምንት ኒዮን፣
ሰማያዊ ክርና ቀይ ክር ጎናቸው የተሰፋ፣
ውሃ በሞላሁበት ቀን፣ በዚያው ጀንበር ከተትኳቸው።
ውሃው ጥሩ ነበር። ከጥሩም ጥሩ።
በሦስተኛው ንጋት፣ ክራቸው ደብዝዞ፣
በማንኪያ ለቀምኳቸው።

ኸይረዲን አሳ ሻጩ፣ ፒያሳ፣ ከማዘጋጃው ቁልቁል፣
ዘንድሮ ገንዘቤን ሳይነካ «የውሃሽ ዕድሜ ስንት ነው?» አለኝ።
የውሃ ዕድሜ! እንደ ልጅ፣ እንደ ላም!
«በገዛ ሽንታቸው ተመርዘው ነው የሞቱት።
ጥሩ ውሃ ማለት ማንም ያልኖረበት፣
ቆሻሻ እሚበላ አንድ ነፍስ የሌለበት።»
ከአሮጌ ማጣሪያ ጥቁር፣ ዝልግልግ ስፖንጅ
በመቀስ ቆረጠ፣ በፌስታል ቋጠረው፣
«እርሾ ነው» አለና መዳፌ ላይ አኖረው።

እኔ እንግዲህ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር አንበሳ ምድር ቤት
መቀስና ጉጠት በእንፋሎት ስቀቅል፣
ጣቴን በረኪና እየላጠው፣
ባክቴሪያ በመግደል ደመወዝ የበላሁ፣ ጡረታ የወጣሁ፣
አሁን ተንበርክኬ ባክቴሪያ አሳድጋለሁ።

በየማለዳው ለሌለ አሳ በቁንጥር ምግብ እበትናለሁ።
ይሰጥማል። ይሻግታል። ደስ ይለኛል።
ማታ ማታ ብልቃጥ፣ ጠብታ፣ መነጽር፤
በአሥረኛው ቀን አሞኒያው አረንጓዴ፣ የነሐሴ ሣር።
በአሥራ ስምንተኛው ሣሩ ሳሳ፣
ግን በሌላው ብልቃጥ ናይትራይት ተነሣ፣
ሐምራዊ፣ የሚያምር፣ ገዳይ።
አንዱን መርዝ የበላ ሌላ መርዝ ይወልዳል፤
ያንን የሚበላው ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል፣
ሥራው ከባድ እንደሆነ ሰው፣ ሳይቸኩል።

በሃያ ስድስተኛው ሌሊት መብራት ሄደ።
ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር ድርግም።
የቀሰቀሰኝ ድምፅ አይደለም፣ ጉርጉርታው መቆሙ ነው።
አየር ካጡ ያልቃሉ፣ አውቃለሁ፤
ስንት ጊዜ አሳጥቻቸዋለሁ።
ጣሳ አነሣሁ። ጨልፌ፣ ከፍ አድርጌ፣ መልሼ አፈሳለሁ፤
ጨልፌ፣ ከፍ አድርጌ፣ ክንዴ እስኪዝል።

በር ተንኳኳ። ሻምበል፣ ባትሪውን እንደ ያዘ፣
በነጠላ ጫማ።
«በእኩለ ሌሊት ማንን ነው የምታጠጪው?»
«አይታዩም» አልኩት። መሳቁን ጠበቅሁ።
ወንበር ሳበና ተቀመጠ፤
«የማይታይ ነገር ስጠብቅ ይሄ የመጀመሪያዬ መሰለሽ?
አምጪ ጣሳውን። ፈረቃ እንግባ። አንቺ ተኚ።»
ጨለፈ፣ ከፍ አደረገ፣ አፈሰሰ፣
የክረምት ጣሪያ ይመስል ቤቴ ዘነበ እስኪነጋ፤
ቃል ሳይናገር፣ ከእኔ ባክቴሪያዎች ጋር።

ዛሬ ሁለቱም ብልቃጥ ባዶ ያሳያል፤ መርዝ የለም።
ያልጠራሁት አንድ ቀንድ አውጣ ደግሞ
በመስታወቱ ላይ ይሄዳል፣ ኪራይ እንደ ከፈለ።

ነገ ፒያሳ እወርዳለሁ። አራት ብቻ እገዛለሁ፣ ስምንት አይደለም።
ኸይረዲን ዕድሜውን ሲጠይቀኝ
«አርባ አንድ ቀኑ» እለዋለሁ፤
ልጅ ቢሆን ትናንት ክርስትና ይነሣ ነበር።

ትንሽ ገርጥቷል። ከሥሩ ዝቃጭ አለው፤
ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት አፈር አፈር ይላል።
ጥሩ አይደለም።
ደህና ነው።