ጎንበስ ያለ ጥድ

ሆሎን፣ ከፎቁ ሥር፣ ከወፍራሙ በር ኋላ፣
አሥራ አንድ ሰው ነን፤ አንድ አምፖል፣ አንድ ጥላ።
የዘካይ ሽማግሌ ውሻ እግሬ ሥር ተኝቷል፣
አንድ ልጅ በስልኩ ካርታውን ከፍቷል።
ፑራን መጣች፣ የከርማኗ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
መድኃኒቷን ረስታ፣ አቅፋ ቀይ ጨርቅ፤
መርፌው እንደተሰካ፣ ክር እንደተንጠለጠለ፣
ጫፉ ገና ጥሬ፣ መሃሉ የበሰለ።

እኔ ሱሪ አሳጣሪ፣ ዚፕ ቀያሪ ነኝ፣
የሰው እጅ ሥራ ሳይ ዓይኔ የሚከዳኝ።
ሱፉን እናቷ ናት ከዚያ የሰጠቻት፣
ክሩ ግን የባት ያም፣ ሻጩ የሚሰርቃት፤
ያኛው አረንጓዴ ይሄኛውን ሳይመስል
ሃምሳ ዓመት ተራርቀው አደሩ በአንድ ቅጠል።

የሷም የኔም ዕብራይስጥ እግሩ እያነከሰ፣
ቃል የጎደለ ቦታ ጣት እየደረሰ፣
«ይሄ እንባ ነው?» አልኳት፣ ጫፉ የተቆለመመ፣
«ወይስ ኩላሊት ነው፣ ወይ ማንጎ የታመመ?»
ሳቀች። «ሰርቭ» አለችኝ። የፈረንጅ ጥድ፣
ቀጥ ብሎ ያደገ፣ ማጎንበስ የማይወድ፣
ነፋስ ሲበረታ አንገቱን የሰበረ፣
ጫፉ መሬት አይቶ ሥሩ እዚያው የቀረ።
«ሮማኑስ?» «ያልወለድኳቸው።» «ወፏስ?» «እህቴ ናት፣
አበባው እስኪፈካ ስትጮህ የነጋባት።»

ከላይ አንድ ነገር ሰማዩን ሰነጠቀ፣
የግድግዳው ኖራ ጨርቁ ላይ ደቀቀ።
እፍ አለችው።
ከየት እንደመጣ ማንም አልተናገረ፤
የፑራን ዓይን ግን ከጣሪያው ላይ አደረ፣
በር የሚያንኳኳ ሰው ድምፁን እንዳወቀች፣
ግን ክፈቱ ማለት እንደተሳቀቀች።

ዝም ማለት ሲያቅተኝ፣ «በኛ ቋንቋ» አልኳት፣
«አንዲት ግሥ አለችን፣ ሁለት እጅ ያላት፤
ጠለፈ ስንል ጨርቁን፣ ጠለፈ ስንል ልጂቱን፣
አንድ ቃል ይሸከማል ክሩንና ፈረሱን።»
«እኔንስ በየቱ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤
«በአሥራ ስድስት ዓመቴ…» ብላ አልጨረሰች።

መርፌውን ሰጠችኝ፣ ዓይኗ ስለደከመ፤
አረንጓዴ አስገባሁ። ባዶው ጥግ ላይ ቆመ
አንድ ጥድ፣ ገና ግማሽ፣ ነፋስ ያላገኘው።
ስልኮቹ ተንጫጩ፤ በሩን ሰው ከፈተው።
ውሻው፣ ልጁ፣ ሁሉም ወጡ። እሷ «ቆዪ» አለችኝ፣
«ገና አላጎነበስኩትም።» የጨርቁን ጫፍ አስያዘችኝ።