የወንድሜ ምራቅ

እኔ ሴት ነኝና አይገኝም ከደሜ፣
ሰባት ቤት ቆጠራው ወደቀ በወንድሜ።
አባት ለወንድ ልጁ፣ ልጁ ለወንድ ልጅ
ያቀባበሉት ክር፣ ያልተያዘ በእጅ፣
በእኔ በኩል አያልፍም።

ሰቨሪን ወንድሜ፣ ምራቁን የዋጠ፣
በሃምሳ ስድስቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤
ከትንሿ ብልቃጥ አፉን አስጠግቶ
ምራቁን ተፋበት፣ እንደ ልጅ ፊቱን አቅልቶ።

ስድስት ሳምንት ቆየን።
ናሬቭ ጉም ለበሰ፣ የፖም ለቀማ አለቀ፣
ፖስታው በጣታችን መሐል ተቦጨቀ።
ቴዎፊል፣ በስም አንድ፣ የአያት ወንድም ዘር፣
«አር አንድ ኤ» ተብሏል፣ የአገሬው መስመር፣
ከሁለት ወንድ አንዱ የሚሸከመው።
የሰቨሪን ግን ሌላ ነው።
ሌላ።
ሦስት ጊዜ አነበብነው፣ መነጽር ተዋውሰን፤
እሱ ወደ መስኮት፣ እኔ ወደ ምድጃ ዞርን።

አክስቴ ኤውፌሚያ፣ በዘጠና ዓመቷ፣
ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳይል አንገቷ፣
«እኔማ አውቅ ነበር» አለች።
«በዐሥራ አምስቱ ስደት፣ ጦር መንደሩን ሲነዳ፣
ባቡር ጣቢያው ጥግ ላይ፣ ከሰው ጓዝ ከዕዳ፣
ሕፃን ቆሞ ነበር በአንድ እግር ጫማ፣
ስሙን ቢጠይቁት ቃል የማያሰማ።
አያቴ አፖሎኒያ በዚያው ሳምንት ነበር
የሦስት ዓመት ልጇን የቀበረችው ከሐዲድ ዳር።
ልብሱ ልክ ሆነው።
በሟቹ ስም ጠራችው፣ ‹ኮንስታንቲ ና› ብላ፣
ከመዝገቡ አንድ ፊደል አልተፋቀም ኋላ።
አባቴ እሱ ነው።»
ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣለችው።

ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ይሆናል።
ጓሯችን ያለው ፖም፣ አንቶኑፍካው እንኳ፣
ሥሩ የዱር ኖሯል፣ ከላይ የተተካ፤
ኮንስታንቲ ነው ያሰረው፣ በሰም ለስኖ፣
ከአሳዳጊው እጅ ቢላውን ለምኖ።
ቢላው መሳቢያ ውስጥ ነው። እጀታው ጎድጉዷል
አውራ ጣት ባረፈበት፤
የሰቨሪን ጣት ልክ ይገባበታል።

በቅዱሳን ሁሉ ቀን፣ መቃብሩ በሻማ ሲበራ፣
የድንጋዩን ስም በእጅጌው ጠረገ፣ እንደ አባቴ፣ ከግራ፤
አንድ ሻማ አኖረ፣ በአጥንት ባዕድ ለሆነው ቅድመ አያት።
ሌላም ይዞ ነበር። ቦታ አጣለት።
ከአጥሩ በር ወጣ፣ ነፋሱን በኮቱ እየጋረደ፣
ሣር እስከዋጠው አሮጌ ሐዲድ ድረስ ሄደ፤
እዚያ አቆመው፣ በጠጠር ደግፎ።
ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤
ለማናውቀው አባት፣
ወይስ ስሙን ላበደረን ልጅ።