ትርፍ ጭረት

እኔ ቆጣሪ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
ከሂርማታ መጋዘን፣ በከሰል ጭረት።
አራቱ እንደ ዘብ ቆመው፣ አምስተኛው አግድም፤
ይኸው ነው ፊደሌ፣ ሌላ ጽሕፈት አላውቅም።
ጆንያው በጀርባ ሲያልፍ ተራውን ጠብቆ፣
አንዱ ተሸካሚ ተራግሞ፣ አንዱ ስቆ፣
እኔ ግድግዳው ላይ ጫር። ጫር። ጫር።
ማታ ነጋዴና ሹፌር ሲከራከር
ግድግዳው ነበረ የሚመሰክር።

ሌቱን ሙሉ ሽቦ ላይ ዓይኑን እንዳፈጠጠ፣
ልጄ ሙዘይን ግን ወደ ላይ አንጋጠጠ።
ቦዬ ረግረግ ዳር አንድ ቀን ድሮን ሲያስነሳ
ጉማሬው ከውኃው ጆሮውን አነሳ።
«ድንቢጥ» ነበር ስሟ፤ ገና ከፍ ስትል
ጭልፊት ከባሕር ዛፍ ወርዶ በጥፍሩ ጣል።
ሦስት ቀን ፈለግናት፣ ሱሪ ጠቅልለን፣
እንደ ጠፋች ጥጃ በስሟ እየጠራን።
በአራተኛው አንድ ዓሣ አጥማጅ ይዟት መጣ፣
የተቀደደ መረቡን አሳይቶ ተቆጣ፤
መቶ ሃምሳ ብር ከኪሴ ወጣ።

ዛሬ ጅቡቲ ነው፤ ወደብ ላይ፣ ከሐሩሩ ጋራ።
የኩባንያ ድሮን ናት አሁን የምትሠራ፤
እሷንም «ድንቢጥ» ነው በልቡ የሚጠራ።
«መርከቡ፣ አባ፣ ከአጂፕ እስከ ቆጪ ይደርሳል» ይለኛል፤
ልጅ ያጋንናል፣ አባትም ይሰማል።
በኮንቴይነር ተራራ፣ በክሬን እግር መሐል
ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ቁጥር እያነበበች፣
የዛገ መልሕቅ፣ የላላ ገመድ እየጠቆመች፤
ድሮ ሰው በመሰላል ወጥቶ የሚወድቅበትን፣
እኔ ግማሽ ዕድሜዬን የጫርሁትን፣
ከቁርስ በፊት።

ባሕር አላየሁም። የማውቀው አዌቱን ነው፣
ድልድይ ሥር ፌስታል ተሸክሞ የሚሄደው።

ትናንት ቪዲዮ ላከ። ጆንያ ሰፊዋ
መርፌ እንደነከሰች ቆመች ከኋላዬ፤
«ቀዩ ክሬ የታለ?» አለች ስልኬ ላይ አጎንብሳ።
ክርሽማ ከብረት ሆድ ውስጥ ነው፣ ነፊሳ!

ያኔ በሁለት ክምር መሐል አንድ ሰው ታየ።
ከላይ ሲያዩት ራስና ጥላ ነው፤
ፊት የለው፣ እግር የለው።
ማሽኗ ዙሪያውን ቀይ ሣጥን ሣለችበት፣
አንዲት ቃል ለጠፈችበት።
ደወልሁ። «ምን ትላለች?»
«መሰናክል።»
«ሰውየውን እኮ ነው።»
«እንዳትመታው ነው አባ፤ እንድትጠነቀቅለት ነው።»

ደግ። ተማም ከክምር ወድቆ ወገቡ ሲሰበር
ቀይ መስመር ያሰመረለት ማን ነበር?
«ከቆጠራውስ ገባ?»
«ዕቃ ነው የምንቆጥረው፣ አባ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ምን እለዋለሁ?
እኔስ ማንን ቆጠርሁ?
ሠላሳ አንድ ዓመት ጆንያ ጫርሁ እንጂ
ጀርባ አልጫርሁም።

ዛሬ ሰባት መቶ ሃያ ጆንያ ወጣ።
ሰባት መቶ ሃያ አንድ ጫርሁ።
ባለመጋዘኑ ታብሌቱን ይዞ መጣ፤
«አንድ ትርፍ አለህ፣ አጥፋው» አለኝ በቁጣ።
በእጅጌዬ ፈተግሁት።
ከሰል ግን ሲጠርጉት
ይሰፋል እንጂ መች ይጠፋል።