ሦስተኛው ጥያቄ

ጥር ገባ። ሌሊት ውርጭ ወርዶ ክምሩን አንጥቶታል፣
ፀሐይ የነካው የቁምስናው ቆርቆሮ ላብ ላብ ብሎታል።
እኔና ገዝሙ መንዲዳ ወረድን፣ ነጠላ ደርበን፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጎጆ ኖረን፣
ሰባት ወልደን ሁለቱን ቀብረን፣
ዛሬ «እጮኛሞች» ተብለን።

ትንሿ ብርቄ ትስቃለች ከበር፦
«እማዬ ሙሽራ! አባዬ ሙሽራ!
ማን ሊጠምቅ ነው ጠላ፣ ለዚህ ላረጀ ነገር?»

ነገሩ የገዝሙ ነው። ባለፈው ክረምት ታሞ፣
ሳሉ ጎኑን ሲወጋው፣ መደብ ላይ ተጋድሞ፣
«ሳልቆርብ እንዳልሞት» አለ። እንዲህ ብሎ አያውቅም ከቶ።
አባ ግን «መጀመሪያ ተክሊል» አሉት፣ መዝገቡ ታይቶ።

አቧራ የጠገበ ትልቅ ደብተር ወጣ፣
አይጥ ጠርዙን የበላው፣ ቀለሙ የነጣ።
ሲስተር ለተብርሃን «ሉቺያ!» ስትል ዞሬ ኋላ አየሁ፣
ሌላ ሴት የገባች መስሎኝ ቦታ ለቀቅሁ።
ለካ እኔው ነኝ ያቺ፤ ሃምሳ ሊሞላኝ አራት ሲቀረኝ፣
በማላውቀው ስሜ ወረቀት ያቆየኝ።

ሁለት እሑድ ታወጀ፦ «ገዝሙ ከእታፈራሁ፣ በተክሊል፤
እንቅፋት የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ ይናገር እንጂ ዝም አይበል።»
ወንዶቹ ሳሉ፤ ሴቶቹ የነጠላ ጫፍ ነከሱ፤
የበኩር ልጄ ቢችል ይደበቅ ነበር ከገዛ ኪሱ።
እኔ በሆዴ አልኩ፦ እንቅፋትስ ማን ያውቃል?
በሬ የሸጥንበት ዓመት፣ ጋን የሰበረበት ዓመት፣ ተቆጥሮ መቼ ያልቃል።

ቅዳሜ ትምህርት ነው፤ ከጎናችን ሁለት ልጆች፣
እሱ ባጃጅ ነጂ፣ እሷ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የተያያዙ እጆች።
«በትዳር መነጋገር» አለች ሲስተር፣ በጠመኔ ጽፋ፤
ገዝሙ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን፤ ጉንጬ በሳቅ ተነፋ።
እኛ የተነጋገርነው ስለ ገብስ ነው፣ ስለ ኩበት፣
ስለ ዕዳ፣ ስለሚያፈስ ቤት።

ከዚያ ለየብቻ ጠሩን። ገዝሙ ወጣ፤ ውጭ ቆመ።
አባ መነጽር አደረጉ፤ እስክሪብቶው ደከመ።
አንደኛው፦ ስም። ሁለተኛው፦ ጥምቀት። ሦስተኛው፦ «ማንም ሳያስገድድሽ፣
ይህን ሰው የምታገቢው በገዛ ፈቃድሽ ነው፣ ወደሽ?»

ዝም አልኩ።

ያኔ የተጠየቀው አባቴ፣ ቀጥሎ አጎቴ ነበር፤
ለማጫ የመጣችው ጊደር እንኳ ጥርሷ ታይቷል ከበር፣
ዞሩባት፣ ጭራዋን አነሱ፣ ጠየቁ ስለ ወተቷ፣
ስለ ዘሯ፣ ስለ እናቷ።
እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ ዐሥራ አምስቴ፣ ማድጋ ታቅፌ፤
በበቅሎ ወጣሁ ተሸፋፍኜ፣ ዝም ካለው አፌ።

«ነገ ልመለስ» አልኩ። አባ ቀና አሉ፣ ከመነጽራቸው በላይ።
አልተቆጡም። «ጊዜ አለሽ» አሉ። ወጣሁ ወደ ፀሐይ።

ገዝሙ ከግንቡ ሥር ቆሟል፣ ኮፍያው በእጁ፣
ደጅ የሚጠና ጎረምሳ መስሎ፣ ከማያውቀው ሰው ደጁ።
«ምን አልሽ?»
«ገና አላልኩም።»
ሁሌ ፊት ፊት የሚሄደው ሰው፣ ያን ቀን አልቀደመኝም።

ማታ መብራት ሄደ፤ ብርዱ በስንጥቁ ገባ።
ገዝሙ ተገላበጠ፣ ዝም አለ፣ ድምፁ ባባ፦
«እኔንስ ማን ጠየቀኝ? አባቴ ጥማድ በሬ ሸጦ
‹ነገ ሙሽራ ነህ› አለኝ፤ ገብስ ስወቃ፣ ጭድ ፀጉሬ ላይ ተቀምጦ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቁርበት፣ ይህን አልነገረኝ፤
እኔም አልጠየቅኩት። ቆይቶ «ሉቺያ» ብሎ ጠራኝ፣
ቃሉ እንደ ትኩስ ድንች እየተገላበጠ በአፉ፤
የአባን ጥያቄም ጠየቀኝ፣ ግማሹን ረስቶ ከጫፉ።

አልመለስኩለትም።

ሳይነጋ ሙቀጫውን ደጅ አቆምኩ፤ ዘነዘናውን አነሣሁ፤
ሳምንት ሙሉ ችላ ያልኩትን ጌሾ መውቀጥ ጀመርኩ፣ ክንዴን አበረታሁ።
ቤት ውስጥ ሳሉ ቆመ።
ያዳምጣል።